ቁጥር አርባ ሁለት

ባለጀልባ ነኝ እኔ፣ ሥራዬ ማድረስ ነው፤
ሩዝና ጨው፣ ክብሪት፣ ባትሪ የምጭነው
ለደን ጠባቂዎቹ፣ ውሃ መሐል ላሉት፣
በአራት ግንድ ጫፍ ላይ ጎጆ ለቀለሱት።

ብራህማፑትራ ሐምሌ ላይ ሲቆጣ፣
ዳርቻውን ጥሶ ሜዳው ላይ ሲወጣ፣
ዝሆኔ ሣር ሰምጦ ጫፉ ብቻ ሲታይ፣
አጋዘን ከሰው ጋር ሲሻማ ጉብታ ላይ፣
እኔ እቀዝፋለሁ።

ከስንቁ ሥር ደግሞ፣ መዝገብ ላይ የሌለ
ሌላ ጭነት አለ፤
የሚስቶች መልእክት ነው፣ ወረቀት ያላየው፦
«ጣሪያው አፈሰሰ»፣ «ልጁን ወባ ጣለው»፣
«ደሞዝ ሦስት ወር ሆነው፤ ሱቁ ዱቤ ዘጋ»፣
«አንተ አውራሪስ ጠብቅ፤ እኔ ከማን ልጠጋ?»
ካምፑ ጋ ስደርስ ግን፣ ያን ሁሉ ጉድ ይዤ፣
ከነብር ጋር ካደረ ሰው ፊት ተክዤ፣
«ደኅና ናቸው» እላለሁ፤ «ጨዉን ተቀበሉኝ»።
ዋሾ ነኝ፤ ውሃና ሰማይ ይታዘቡኝ።

ቦጊራም ታይድን የሚያውቅ ከናንተ ማነው?
አጭር፣ ሳቂታ፣ ታምቡል ፍሬ ጥርሱን ያቀላው፣
ሃያ ሁለት ዓመት «ጊዜያዊ» የሆነው፣
ጠመንጃው አሮጌ፣ ስምንት ጥይት ያለው፣
በየወሩ ፈርሞ አንድ በአንድ የሚቆጥረው።
ጫማው ግን ቀዳዳ ነው፤ ውሃው ይመላለሳል፤
«ወንዙም ተረኛ ነው፣ ከኔ ጋር ይዞራል»
ይል ነበር እየሳቀ።

ከተማ ያሉ ደጎች አዋጥተው የላኩት
ቦቲ መጣ አንድ ቀን፤ በዝርዝር የጻፉት፣
በየስሙ፣ በየእግሩ ልክ፦ «ታይድ፣ ቦጊራም፤
ቁጥር አርባ ሁለት።»
ጥቁር፣ አዲስ፣ ጭቃ ያልነካው ገና፤
ማክሰኞ ፈርሜ ተቀበልኩ፤ እሱ ሰኞ አልፏልና።

ሰኞ ሌሊት ነው፤ ዝናቡ ሳያባራ፣
ግልገል አውራሪስ ጎርፍ ይዟት ስትጣራ፣
በገመድ፣ በደረቱ ገፍቶ ዳር አደረሳት፤
እናት ከሣሩ ወጣች፤ ምን ታውቅ? ሌባ መሰላት።
ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነበር። ኃላፊው ማለዳ መጥቶ
ጥይቱን ቆጠረ፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ ደብተሩን አውጥቶ፤
ስምንት።
አንድም አልጎደለም።

ኑማሊ ከቤቷ ሥር፣ ከመሸመኛዋ ጋ
ክር ትቀጥል ነበር፣ መሽቶም እየነጋ።
ቦቲውን አየችው። አላለቀሰችም።
«ቁጥሩ ስንት ነው?» አለች። ነገርኳት። «አልሳቱም።»
ከዚያ ወደ ክሯ።

ካሳው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም መንገድ ላይ።
ጓዶቹ ግን መጡ፣ ከየካምፑ፣ በዶፉ ላይ፤
ያልተከፈለ ደሞዝ እንዴት እንደሚዋጣ
ያን ቀን ነው ያየሁት፤ አንዱ በብድር አመጣ፣
አንዱ ዶሮ ሸጠ፣ ሌላው የሚስቱን ጉትቻ፤
ጣሪያውን የከደኑት እሑድ ነው፣ በሦስት ሰዓት ብቻ።
ባለሱቁም፣ ያ ቆጥቋጣ፣ ዱቤውን ከፈተው፣
ማንም ሳይጠይቀው።

ጆናኪ ልጁ ናት፤ ስሟ በቋንቋቸው
አብሪ ጥንዚዛ ነው፤ ዕድሜዋ ሃያ ነው።
በአባቷ ቦታ ተቀጠረች፤ እሷም «ጊዜያዊ»።
ጋሞሳውን፣ ያን ቀይና ነጭ ፎጣ፣ ለሁለት ቀዳ
ቦቲው ጫፍ ወተፈችው፣ ጠርዙን ጎንጉና፣ አጣጥፋ።
«እግርሽ ሠላሳ ሰባት ነው» አለች እናቷ።
«የተረፈውን አባቴ ይሙላው» አለች ልጅቷ።

ዛሬም እቀዝፋለሁ፤ ሐምሌ ዞሮ መጥቶ።
ኑማሊ ደረጃው ላይ፣ አንገቷ ወጥቶ፣
«ከጨዉ ጋር» ትላለች፣ «አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤
እግሯ ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ አይተህ ንገረኝ።»
አየሁ። ተመልሼ
«ደረቅ ነው» አልኳት፤ ይህን እንኳ አልዋሸሁም።
ደሞዙ? አራተኛ ወሩ ነው። አልመጣም።